በሁለት ክራንች ወደ ግራር አምባ

ግራር አምባን የማታውቁ ትበዛላችሁ። ዋናው መንገድ ላይ ስላልሆነች ወደፊትም የምታልፉባት አይመስለኝም። አምበር ላይ ከመኪና ተወርዶ፣ አስፋልቱ ተትቶ፣ በእግር ወይም በበቅሎ ነው የሚደረስባት። እኔም ባሌ የዚያ አገር ልጅ ባይሆን ኖሮ ስሟን አልሰማም ነበር። ይህን የምጽፈው ከተመለስኩ በኋላ፣ ቀስ እያልኩ ነው። እጄ ቶሎ ይዝላል፤ በክራንች የሚሄድ ሰው ክብደቱን የሚጥለው በብብቱ ሳይሆን በመዳፉ ነውና።

አምና መስከረም እኔና ባሌ አያሌው የተሳፈርንበት መኪና ከምንኖርበት ከደብረ ማርቆስ ወጣ ብሎ አንድ ድልድይ አጠገብ ተገለበጠ። የኔ ግራ እግር ከጉልበት በታች ተሰበረ። አጥንቱ አልገጥም ብሎ ሁለት ጊዜ ተከፈተ፤ ዛሬም ውስጡ ብረት አለበት። አያሌው ሞተ። በአገሩ በግራር አምባ ሲቀብሩት እኔ ሆስፒታል ተኝቼ ነበር። አፈሩን አላየሁም። መቃብር ያላየ ሰው በር በተንኳኳ ቁጥር ይነሣል፤ እኔም ዓመቱን ሙሉ ስነሣ ከረምኩ። ሙት ዓመቱ ሲደርስ እሄዳለሁ አልኩ። ወንድሙ ሞላ በስልክ፣ «ዳገቱን በቃሬዛ እናወጣሻለን፤ አትጨነቂ» አለኝ። ቃሬዛ አልፈልግም አልኩት። አያሌው በቃሬዛ ነው የሄደው። እኔ በእግሬ ደርሼ አጠገቡ መቆም ነበር የፈለግሁት።

መራመድ ያስተማረችኝ የሆስፒታሉ ባለሙያ ልጅ እግር ናት፤ ቁጣዋ ግን የአሮጊት ነው። «መጀመሪያ ሁለቱ ክራንች፣ ቀጥሎ የታመመው እግር፣ ከዚያ ደህናው። ዳገት ሲወጡ ደህናው ይቅደም። ቁልቁለት ሲወርዱ ክራንቹና የታመመው ይቅደሙ። ብብትዎ ላይ አይንጠልጠሉ፤ በክራንቹና በብብትዎ መሃል ሁለት ጣት ይግባ። እርጥብ ነገር ላይ አይቸኩሉ።» ክራንቾቹን በቁመቴ ልክ የሠራልኝ የሠፈራችን አናጢ ነው። አጭር ስለሆንኩ እነሱም አጭር ናቸው። ከክረምቱ መግቢያ ጀምሮ አመሻሽ ላይ ከቤቴ ደረጃ እስከ ግቢዬ በር እየሄድኩ እመለስ ነበር። የግራው ክራንች የጫፍ ጎማ ገና በጀመርኩ ሰሞን ወልቆ ጠፋ። ልጅቱ ባየችኝ ቁጥር «ይህ ጎማ ዛሬም አልገባም?» ትለኛለች፤ እኔም ነገ እላታለሁ። ስሄድ ግራው ሲሚንቶው ላይ ቋ ይላል፤ ቀኙ ዝም ይላል።

ዓርብ

ከቤት የወጣሁት ረፋዱ ላይ ነው። ባጃጅ ውስጥ ክራንቾቹ አልገባ ብለው ጫፋቸው ወደ ውጭ ወጥቶ ሄድን። ባለባጃጁ፣ «እማማ፣ ጦር ይዘን የዘመትን መሰልን እኮ፤ ሰው እንዳንወጋ» እያለ እስከ መናኸሪያ ሳቀ። መናኸሪያው ውስጥ ሁሉም የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ መንገዱ ዛሬ ይሄዳል ወይ? ይሄዳል ተባለ። ረዳቱ ጋቢና አስቀመጠኝና ክራንቾቹን ላይ ልጫናቸው አለ። እንቢ አልኩ፤ ከእጄ እንዳይርቁ ተመክሬአለሁ። ጉልበቴ መሃል አቅፌያቸው ተቀመጥኩ። በኔና በሾፌሩ መሃል አንድ ቦታ ባዶ ቀረ።

ከከተማው እንደወጣን ጉም ውስጥ ገባን። ደብረ ማርቆስም ጉም አለ፤ የኛ ግን ከጣራ በላይ ነው የሚያልፈው። ይኸኛው መሬት ለመሬት ይሄዳል። ያ ድልድይ የት እንደሆነ አላውቅም ነበር፤ ያን ዕለት እንቅልፍ ወስዶኝ ስለነበር የነቃሁት ከተገለበጥን በኋላ ነው። አሁን ያወቅሁት መኪናው ቀስ ብሎ ዳር ሲይዝና ሲቆም ነው። የድልድዩ አንደኛው ወገን ግንቡ አዲስ ነው። ረዳቱ በሩን ከፍቶ ወደ ጉሙ «አምበር፣ አምበር» ብሎ ተጣራ። ማንም አልመጣም።

«ማንን ነው የምትጠራው?» አለው ሾፌሩ።

«አንተ አይደለህ የቆምከው?»

«እጁን ያወጣ ሰው ነበራ። ረዥም ሰው።»

«የታለ?»

ሾፌሩ ማርሽ አስገባ። እኔ አንገቴን አላዞርኩም። አያሌው ረዥም ነበር፤ በር ሲገባ ጎንበስ የሚል። ግን ረዥም ሰው በአገሩ ሞልቷል።

አምበር ስደርስ ሞላ የለም። ወንዙ ሞልቶበት ነገ ጠዋት እመጣለሁ ብሎ ደወለ። ማደሪያ ልፈልግ ስነሣ መንገዱ ዳር ሱቅ ያላት ሴት ከደጇ ሆና ተጣራች። «በዚህ ጭቃ በነዚያ እንጨቶች የት ልትደርሺ ነው? ነይ እዚህ ግቢ።» ስሟ ዘሃራ ነው፤ ጨርቅና ሳሙና ትሸጣለች፤ ከሱቁ ጀርባ አንድ ክፍል አላት። ወለሉ እንደኔ ቤት ሲሚንቶ ነው፤ የኔ ደረቅ ነው እንጂ፣ የሷ ገና መወልወሉ ነበር። ጎማ የሌለው ክራንች ሸርተት አለብኝ። እግዚአብሔር ሲያወጣኝ የተጠቀለለ አቡጀዲ ላይ ተቀመጥኩ።

ዘሃራ ክራንቹን አንሥታ ገለበጠችው። «ወንድሙ ተጫምቶ ይኸኛው ለምን ባዶ እግሩን ሆነ?»

«ዛሬ ነገ ስል ነው።»

«አንቺ ዛሬ ነገ ስትዪ ሲሚንቶው አይጠብቅሽም።» ካረጀ ብስክሌት ካላማዳሪያ፣ ከውስጠኛው ጎማ፣ ቆርጣ፣ ደራርባ አጥፋ፣ በሲባጎ አሰረችልኝ። እጇ ሥራ ያውቃል።

ዓርብ ጾም ስለሆነ ሽሮ አቀረበችልኝ። «ክርስቲያን ጎረቤቴ ናት የሠራችው፤ ድስቱም የሷ ነው። ልብሽ እንዳይጠራጠር ብዬ ነው» አለችና እኔ እየበላሁ እሷ ሱቋን ዘጋች። እኔ ቤት የመጣ እንግዳ ይህን ያህል ታስቦለት ያውቃል ወይ ብዬ ራሴን ጠየቅሁ። ከዚያ አልጋ ስታነጥፍልኝ ሁለት ትራስ አመጣች።

«አንድ ይበቃኛል» አልኳት።

«ሰውየውስ?»

«የትኛው ሰውዬ?»

«ከመኪና ስትወርጂ ደግፎ ያወረደሽ።»

ማንም አልደገፈኝም፤ ሁለቱን ክራንች መጀመሪያ መሬት አስረግጬ፣ ወንበሩን ይዤ፣ በተማርኩት መሠረት ብቻዬን ነው የወረድኩት። ይህንኑ ነገርኳት። ዘሃራ ሁለተኛውን ትራስ አነሣች። «ጉሙ ነው» አለችና ይዛው ወጣች። ያን ቀን አመሻሽ ላይ አልተለማመድኩም። ደክሞኝ በጊዜ ተኛሁ።

ቅዳሜ

ሞላ ጠዋት በቅሎ ይዞ መጣ። ከፊቱ እናቱን ነው የሚመስለው ይላሉ፤ ከኋላው ሲታይ ትከሻው ቁርጥ አያሌው ነው። ስለዚህ እሱ ልጓም ይዞ ከፊት ሲሄድ ዓይኔን በበቅሎዋ ጆሮ ላይ አደረግሁ። በቅሎዋ ላይ ለመውጣት ሁለት ሰው አስፈልጎኝ ነበር። ዘሃራ ከታች እየገፋች፣ «ይህችን በቅሎ ጎማ አስገቡላት፤ እሷም ታንሸራትታለች» አለች። የታመመውን እግሬን ኮርቻው ላይ አመቻችተው ክራንቾቹን ከጎኔ አሰሩልኝ።

ከከተማው ከራቅን በኋላ ሞላ ሳይዞር፣ «እትዬ፣ አንድ ነገር ላስቸግርሽ ነው» አለ።

«ተናገር።»

«እማሆይ አልሰሙም።»

እማሆይ ጥሩወርቅ የአያሌውና የሞላ አክስት ናቸው። እናታቸው ሞላን ስትወልድ ስለሞተች ሁለቱንም ያሳደጉ እሳቸው ናቸው። ዓይናቸው ከጠፋ ቆይቷል፤ ከቤትም አይወጡም።

«ምኑን ነው ያልሰሙት?» አልኩ፤ ገብቶኝ ነበር።

«ሞቱን። ልባቸው ደካማ ነው፤ አይችሉትም ተባለ። ለቅሶውን አጎታችን ቤት አደረግነው። ለሳቸው፣ መኪና ተገልብጦ እግሩ ተሰበረ፣ ድኖ በክራንች መሄድ ጀምሯል አልናቸው። የተሰበረው እግር ያንቺ መሆኑን አያውቁም።»

«የኔን እግር ለሱ ሰጣችሁት።»

«እንደዚያ በይው። ስትገቢ ሰላም ብሎዎታል ካልሻቸው ይበቃል። ሙት ዓመቱን ነገ ከቅዳሴ በኋላ እዚያው ቤተ ክርስቲያን እንጨርሳለን። እሳቸው አይሰሙም።»

ሆስፒታል ሳለሁ በኔም የተደረገው ይኸው ነበር። አዲስ አበባ ተልኮ እየታከመ ነው ተባልኩ። ሰው በመጣ ቁጥር «አያሌው ሰላም ብሎሻል» ይለኛል። እኔም ሾርባ ጠጥታለች በሉት፣ ብርድ ነው ጋቢውን ይደርብ በሉት እያልኩ እልክ ነበር። አንድ ቀን ገና ሳይነጋ ክፍሉ በዘመድ ሞላ። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል። ማንም አፉን ሳይከፍት አወቅሁ። ከማልቀሴ በፊት ያሰብኩት ነገር ዛሬም አይለቀኝም፤ ያ ሁሉ ሰላምታ የማን ነበር?

«አልዋሽም ሞላ» አልኩት።

«ዋሺ መች አልኩ? ሰላም ብሎዎታል በያቸው ነው ያልኩት።»

«ያው ነው።»

ትንሽ ሄደና ቆመ። አሁን ዞረ። «ብትነግሪያቸውና ቢሞቱብንስ? እሱን በመኪና አጣን፤ እሳቸውን ደግሞ ባንቺ አፍ እንጣ?»

ከዚያ በኋላ መንገዱን ሙሉ ያሰብኩት ይህንኑ ነው። ብናገር እገድላቸው ይሆናል፤ ብዋሽ እኔ እንደጠበቅሁት ሲጠብቁ ይኖራሉ።

ወንዙ ጎድሎ ነበርና ተሻገርን። ከወንዙ ማዶ መንገዱ በባሕር ዛፍ መሃል ዳገት ይወጣል። እዚያ በቅሎዋ ቆመች። ጆሮዋን ወደፊት ቀስራ አንድ ነገር የምታዳምጥ ትመስላለች። ሞላ ሳባት፣ ለመናት፣ የማን ዘር ነሽ አንቺ እያለ ሰደባት። ንቅንቅ አላለችም።

«ምን አለ እዚህ?» አልኩት።

«ምንም የለም።» ልጓሙን እያጠባበቀ ቆየ። «አምና ቃሬዛውን ያሳረፍነው እዚህ ነው።»

አውርደኝ አልኩት። ደህናው እግር ይቅደም፣ ከዚያ ክራንቾቹና የታመመው። ደብረ ማርቆስ ጭቃ ማለት ደጅ ላይ ጫማ የሚጠረግበት ነገር ነው፤ እዚህ ጭቃው ራሱ መንገዱ ነው። ክራንች ይውጣል፣ ሲመዙት ይስባል። በተከልኩ ቁጥር መያዙን እያረጋገጥኩ፣ ባጠረ እርምጃ፣ እያረፍኩ ወጣሁ። እኔ ስወርድ በቅሎዋ ባዶ ኮርቻዋን ይዛ ምንም እንዳልሆነ ተከተለችን። አጋማሽ ላይ ዞር ብዬ ሳይ የክራንቾቼ ቀዳዳዎች ጥንድ ጥንድ ሆነው ከኋላዬ ውኃ አቁረዋል። ፊቴን ስመልስ፣ ገና ባልደረስኩበትም ጭቃ ላይ ጥንድ ጥንድ ሆነው ውኃ ያቆሩ ቀዳዳዎች ነበሩ።

«የከብት ችካል ነው» አለ ሞላ፤ ሳልጠይቀው።

የዘሃራ ካላማዳሪያ ከነሲባጎው እዚያ ጭቃ ውስጥ ቀረ።

ዳገቱ አናት ላይ የሞላ ሚስት የሻረግ ነጭ ነጠላ ይዛ ትጠብቀኝ ነበር። ጥቁሩን ነጠላዬን አውልቃ ቦርሳዬ ውስጥ ከተተችና የሷን አለበሰችኝ። «ባያዩም ያሸታሉ» አለችኝ። «ጥቁር ልብስ ቀለሙ ይሸታቸዋል።» ከዚያ ጎን ለጎን ስንሄድ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «እትዬ፣ ሞላ አልነገረሽ እንደሆነ ልንገርሽ። ከክረምቱ መግቢያ ጀምሮ አመሻሽ ላይ ይሰማቸዋል። ሰው በሁለት ዱላ ይመጣል ይላሉ። አንዱ ዱላ ይናገራል፣ አንዱ ዝም ይላል። አጥሩ ጋ ደርሶ ይመለሳል። አያሌው ነው፣ ለምን አይገባም እያሉ ያስጨንቁኛል። ወጥቼ ሳይ ማንም የለም።»

«በየቀኑ?»

«ትናንት ብቻ አልመጣም ብለው አዝነው አደሩ።»

ደርሰን ነበር። ግቢው መግቢያ ላይ ጠፍጣፋ ድንጋይ ተነጥፏል። ስረግጠው ግራው ቋ አለ። ቀኙ ዝም አለ። እንደገና ቋ።

ከቤት ውስጥ ቀጭን ድምፅ መጣ። «ዛሬስ ገባህ?»

እማሆይ መደቡ ላይ ተቀምጠዋል። እንደኔ አጭር፣ ደቃቃ ሴት ናቸው። ጎንበስ ብዬ ትከሻቸውን ሳምኩ። «እኔ ነኝ እማሆይ፤ ባለቤቱ።»

ፊታቸው ወደ ክራንቾቹ ነበር። «ዱላውስ?»

የሻረግ ቀደመችኝ። «የሱን ይዛ ነው። ጭቃው አስቸግሯት።»

«እሱስ ያለ ዱላ እንዴት ሊሆን ነው?»

«ሌላ ተገዝቶለታል» አለ ሞላ። «ሰላም ብሎዎታል።»

«እሷ ትበለኝ።»

ሁለቱም አዩኝ። የሞላ ከንፈር ይንቀሳቀስ ነበር፤ በልቡ የሚለምነኝ ይመስላል። «እማሆይ፣ በጣም ደክሞኛል» አልኩ። ይህ እውነት ነበር።

እንግዳ እግሩ ይታጠባል። ከተማ ይህ ከቀረ ስንት ጊዜው ነው፤ እኛ ጫማህን አታውልቅ ነው የምንለው። የሻረግ ሙቅ ውኃ በገበቴ አቀረበች። ቀኝ እግሬን አጠበች፤ ጣቶቼን አንድ በአንድ አሸች። ግራው በፋሻ ስለተጠቀለለ ውኃ አይነካውም። እማሆይ ጆሯቸውን ወደኛ አዘንብለው ያዳምጣሉ። የሻረግ አየቻቸውና ባዶውን ውኃ በእጇ ቀስ አድርጋ መምታት፣ ማንቦጫረቅ ጀመረች፤ ውስጡ ሌላ እግር ያለ ይመስል። ሦስታችንም ወደ ገበቴው እናያለን። ድንችና እርጎ በላን።

እሑድ

ሞላና የሻረግ የሙት ዓመቱን ዳቦና ጠላ ይዘው ገና ጎሕ ሲቀድ ወደ ቤተ ክርስቲያን ወረዱ። እኔ ሲነጋ ቀስ ብዬ እንድከተል ተነጋግረን ነበር፤ መንገዱ አንድ ነው፣ ከግራና ከቀኝ አጥር አለው። ውጪው በጉም ነጭ ሆኗል። ተነሥቼ ለባበስኩና ክራንቾቼን ስፈልግ እማሆይ መደቡ ላይ ነቅተው ተቀምጠዋል።

«አንቺ ልጅ፣ የሱን ዱላ አቀብይኝ።»

አንዱን አቀበልኳቸው። እጃቸውን እንጨቱ ላይ ከታች ወደ ላይ በስንዝር እየለኩ ወጡ። ጫፉ ላይ ሲደርሱ መደቡን ይዘው ተነሡና ብብታቸው ሥር አስገቡት። ለሳቸው የተሠራ ይመስል ነበር። ሁለት ጣት የሚያስገባው ክፍተት እንኳ አልጎደለም።

«ይህ የእኔ ልክ ነው» አሉ። «በእኔ ልክ የሆነ ዱላ አያሌውን የት ይይዘዋል? ወገቡን?»

«የኔ ነው እማሆይ።»

«ማታ አንድ እግርሽን ነው ያጠበችው። ሌላውን ውኃ በእጇ ነው የመታችው።»

«አዎ።»

«የተሰበረው ያንቺ ነው።»

«አዎ።»

«እንግዲያ እሱ ምን ሆነ?»

በእኛ አገር መርዶ አንድ ሰው አይናገርም። ሰው ተሰብስቦ፣ ቤቱን ሞልቶ፣ የሚወድቀውን የሚይዝ እጅ ተዘጋጅቶ ነው። እኔ ብቻዬን ነበርኩ፤ ሌላ ሰው መያዝ ቀርቶ ራሴን የምይዘው በእንጨት ነው። የየሻረግን ነጭ ነጠላ አወለቅሁ። ቦርሳዬን ከፍቼ ጥቁሩን አወጣሁና ለበስኩ። ጫፉን አንሥቼ እጃቸው ላይ አደረግሁ። ዳሰሱት፤ ወደ አፍንጫቸው አስጠጉት።

ደረታቸውን አየሁ። ይወጣል፣ ይወርዳል። ቆሞ ቢቀር ምን እንደማደርግ አላውቅም ነበር። አልቆመም።

«መቼ ነው?»

«አምና መስከረም።»

«ያ የጎረቤት ነው ያሉኝ ለቅሶ።»

«አዎ።»

«ነጠላዬን አዘቅዝቂልኝ» አሉ። አዘቀዘቅሁላቸው። ቀጥለው የጠየቁኝ ስለ አሟሟቱ አልነበረም። «አጥሩ ጋ የሚመጣውስ ማን ነው?»

«እንጃ እማሆይ። እኔ አመሻሽ ላይ ለመለማመድ ከቤቴ ደረጃ እስከ ግቢዬ በር እሄዳለሁ። አንዱ ክራንች ጎማ የለውም፤ ይጮሃል። ዓርብ ብቻ አልሄድኩም።»

«ደብረ ማርቆስ ሆነሽ?»

«ደብረ ማርቆስ ሆኜ።»

«እንግዲያ ስሰማ የከረምኩት አንቺን ነው» አሉ፤ ስለ ጎረቤት ከብት የሚናገሩ ይመስል። «በሩ ጋ ስትደርሺ ትቸኩያለሽ። እሱ ሲቸኩል አያውቅም። ያኔ ነበር ማወቅ የነበረብኝ።»

እውነት ነው፤ በሩ ጋ ስደርስ እቸኩላለሁ። ከበሩ ባሻገር ያለው አያሌው ከሥራ ሲመለስ የሚመጣበት መንገድ ነው፤ እንዳላየው ቶሎ እዞራለሁ። ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም።

እማሆይ ከቤት ከወጡ ዓመታት አልፈዋል፤ ያን ዕለት ግን ካልሄድኩ አሉ። የነጠላዬን ጫፍ ከኋላዬ ይዘው ወረድን። ክራንቹና የታመመው እግር ይቅደሙ፤ ከዚያ ደህናው። ጉሙ ከክራንቼ ጫፍ አልፎ አያሳይም። እሳቸው የሚረግጡትን ድንጋይ ሁሉ ያውቁታል። «ጉም ነው እንዴ?» ሲሉኝ፣ አዎ ምንም አይታይም አልኳቸው። «ለኔ ሁልጊዜ ነው፤ ልመጂው» አሉ። ቁልቁለቱ አጋማሽ ላይ ግራውን ልተክል ስል ነጠላዬን ጠበቅ አድርገው ሳቡት። «እዚያ አይደለም፤ ያ ድንጋይ ይነቃነቃል።» በክራንቼ ጫፍ ነካ አደረግሁት፤ ተነቃነቀ፤ ተንከባሎም ጉሙ ውስጥ ገባ። ሲወርድ ለረዥም ጊዜ ተሰማ። ከዚያ በኋላ እሳቸው እያዘዙኝ ወረድን።

ቅዳሴ ወጥቶ ሰዉ ከመቃብሩ አጠገብ ተሰብስቧል። ከጉሙ ውስጥ ስንወጣ ሞላ የያዘውን ዳቦ እንደያዘ ቀረ። ከሰዉ መሃል ያማተቡ ነበሩ። «ማን ነገራቸው?» አለኝ፤ ፊቱ አመድ መስሎ።

«ዱላው» አሉ እማሆይ።

መቃብሩ ከጽድ ሥር ነው። ሐውልት የለውም፤ ድንጋይ ተደርድሮበታል፣ በድንጋዮቹ መሃል ሣር በቅሏል። በእግሬ ደርሼ አጠገቡ ቆምኩ። እማሆይ ነጠላዬን ለቀቁና ተንበረከኩ። በራስጌው በኩል ጀምረው ድንጋዮቹን በስንዝር እየለኩ ሄዱ። ቄሶቹ መቋሚያቸውን ተደግፈው ፍትሐቱን አቆሙ። ስንዝሩ አያልቅም። ግርጌው ጋ ሲደርሱ እጃቸውን እዚያው አሳረፉ።

«ይህ ልኩ ነው» አሉ።

ያኔ አለቀሱ። እኔም አምና ካለቀስኩት የተለየ ለቅሶ አለቀስኩ። ወድቄ እንዳልሰበር የሻረግ ከኋላ በወገቤ ይዛኝ ነበር። ልባቸው ግን ቻለው። ሞላ እስከ ማታ ከአጠገባቸው አልራቀም፤ እጃቸውን ይዞ ተቀምጦ እሳቸው አንድ ቃል ሳይቆጡት ዋለ።

ሰኞ

በቅሎዋ በቁልቁለቱ ሳትቆም ወረደች። ስሰናበት እማሆይ ግንባሬን ሳሙኝና ሰላም በዪልኝ የሚሉት ሰው እንደሌለ ትዝ ብሏቸው ነው መሰለኝ አፋቸውን ከፍተው ዘጉት። አምበር ላይ ዘሃራ ክራንቹን ገልብጣ አየችና፣ «ካላማዳሪያዬን የት ጣልሽው?» አለች። ጭቃው በላው አልኳት። ለመንገድ የተቀቀለ በቆሎ በፌስታል ቋጠረችልኝ። ድልድዩ ጋ ጉም አልነበረም። ጋቢናው ውስጥ ከጎኔ አንድ ወፍራም ነጋዴ ከነዶሮው ተቀምጦ ስለነበር ባዶ ቦታ አልነበረም።

ከመናኸሪያ በቀጥታ ገበያ ሄጄ ሁለት አዲስ ጎማ ገዛሁ። ባለሱቁ ራሱ አስገባልኝ። አመሻሽ ላይ ከደረጃዬ እስከ በሩ ሄጄ ተመለስኩ። ሁለቱም ዝም አሉ። ከራሴ ትንፋሽ በቀር የሚሰማ አልነበረም። ጎማ ማስገባቴን ለማንም አልነገርኩም፤ የምነግረውም ሰው አልነበረም።

በማግስቱ የሻረግ ደወለች። እማሆይ ደህና ናቸው፣ ቅንጬ ቀምሰዋል፣ ትንሽ ትንሽ ያለቅሳሉ አለችኝ። ከዚያ ድምፅዋን ቀየረች።

«እትዬ፣ እማሆይ አንድ መልእክት ልከውብሻል። እኔ አልገባኝም። ‹ጎማውን በማስገባቷ ደስ ብሎኛል በያት፤ በሩ ጋ ግን አሁንም ትቸኩላለች› አሉ። የምን ጎማ ነው?»

ሌላ ጊዜ እነግርሻለሁ ብዬ ስልኩን ዘጋሁ።

ያን ዕለት አመሻሽ ላይ በሩ ጋ ስደርስ አልዞርኩም። በሩን ከፈትኩ። ሁለቱን ክራንች አስረግጬ ተከልኩ፣ ክብደቴን መዳፌ ላይ ጣልኩ፣ መንገዱን እስከ መጨረሻው አየሁት። የሚመጣ ሰው አልነበረም። ግራር አምባ ላይ አንዲት ሴት ጆሮዋን አዘንብላ እንደምትጠብቅ አውቅ ነበርና፣ እስክትሰማኝ ድረስ ቆምኩላት።